ዛሬ ተነሳች

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተነሳች። እጄ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሳልታጠብ የምጽፈው ስሜቱ እንዳይበርድብኝ ብዬ ነው።

መኪናዋ የ1971 ኤምጂቢ ናት። ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ አረንጓዴ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ቨርጂኒያ ሸራ ለብሳ ከቆመችበት ገዛኋት። አካሏ ደህና ነበር። ሞተሯ ግን ደክሟል። ዘይት ትጠጣለች። ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች።

ማሳደስ ይቻል ነበር። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 አቢንግደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ መለዋወጫዋ ዛሬም ሞልቷል። እኔ ግን ባለቤቴን ይዤ እስከ ሸናንዶዋ ተራሮች ሄጄ፣ ልቤ ሳይሰቀል መመለስ ፈለግኩ።

ስለዚህ ሞተሯን በሌላ ልቀይር ወሰንኩ። የመረጥኩት የ1995 ማዝዳ ሚያታን፣ የጃፓኗን ትንሽ ክፍት መኪና፣ ሞተር ነው። ማዝዳ በ1989 ሚያታን ሲያወጣ ዓይኑን የጣለው እንደ ኤምጂ ባሉት የእንግሊዝ ትናንሽ ክፍት መኪኖች ላይ ነበር። ስለዚህ ባዕድ ሞተር አልመሰለኝም። የልጅን ልብ ለእናት እንደመስጠት ነው የቆጠርኩት። በሲሲም ብዙ አይበላለጡም፤ የኤምጂዋ 1798፣ የማዝዳው 1839 ነው። ጉልበታቸው ግን ይለያያል። አሮጌው በደህናው ጊዜ 95 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው፤ የማዝዳው 128 አለው። ነገሩ ያለው አተነፋፈሱ ላይ፣ አየር በሚያስገቡትና ጭስ በሚያስወጡት ቫልቮች ላይ ነው። አሮጌው ስምንት ቫልቮቹን የሚከፍተው ታች ብሎኩ ውስጥ ካለ ካምሻፍት (ቫልቭ ከፋች ዘንግ) በረጃጅም ዘንግ እየገፋ ነው። የማዝዳው 16 ቫልቭ አለው፤ ሁለቱ ካምሻፍቶች እዚያው ከቫልቮቹ ጋር ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ላይ ናቸው። ሚያታም እንደ ኤምጂ በኋላ ጎማ ስለምትሄድ፣ ሞተሩ ከነባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮው ተያይዞ ይገባል።

የተጋጨች ሚያታ ሙሉዋን ገዛሁ። ከዚያ አንድ ወር ሙሉ ቡሎን ሳልፈታ ቆየሁ። ልቧን አውጥቼ ስጥል ያቺው መኪና ትሆናለች ወይ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

አባዬ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ዕድሜ ልኩን መካኒክ ነበር። ለእሱ ሞተር መቀየር ብርቅ አይደለም። ሶማሌ ተራ የተገኘውን ገዝቶ መግጠም፣ ከዚያ የሞተር ቁጥሩን ሊብሬ ላይ ማስቀየር ነው፤ በቃ። የእኔን ጭንቀት ዝም ብሎ ሰማኝ።

«አሮጌውን ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ።

«አላውቅም አባዬ።»

«እንዳትጥለው። ካንዴላውን ፍታና በየሲሊንደሩ ዘይት ጨምርበት። ጠቅልለህ አስቀምጠው። መኪናዋንም የማይመለስ ነገር አትቁረጥባት።»

ሥራው ሁሉ የተሠራው በዚህ ቃል ነው። ከአካሏ ምንም አልቆረጥኩም። ነገ አንድ ሰው የራሷን ሞተር ልመልስላት ቢል ቡሎን መፍታት ብቻ ይበቃዋል። አሮጌው ሞተር አሁን ጋራዡ ጥግ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ያ ቃል ብዙ ሥራ አመጣብኝ። የማዝዳው ኮፓ፣ ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚይዘው ገንዳ፣ የፊት እግሮቿን ከሚይዘው መስቀለኛ ብረት ጋር ተጋጨ። ብረቱን መንካት አይታሰብም። ኮፓውን ቆርጬ ቅርጹን ለውጬ በየድኩት። ዘይት የሚስበውንም ቱቦ አብሬ አሳጠርኩት። ከዚያ ኮፓውን ላምባ ሞልቼ ጋዜጣ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ነበር። ሞተሩን ስድስት ጊዜ አስገብቼ ስድስት ጊዜ አውጥቻለሁ።

ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክሰል ጉልበት የሚያደርሰው ዘንግ፣ ትራንስሚሽኑ፣ በልክ መሠራት ነበረበት፤ የፊት ጫፉ የማዝዳ፣ የኋላው የኤምጂ። ልኩን ወስጄ ለአባዬ ነገርኩት።

«ጎማዋ መሬት ረግጦ ነው የለካኸው?»

አልነበረም። መኪናዋ ክሪክ ላይ ነበረች። የኋላ አክሰሏ ባሌስትራ በሚባሉት የሚተጣጠፉ ብረቶች ላይ ስለተቀመጠ፣ ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ቦታው ይለወጣል። አውርጄ ስለካው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ተለየ። እሱ ባይጠይቀኝ ኖሮ ገንዘቡም ልፋቱም ውኃ በልቶት ነበር። ክሪክ፣ ኮፓ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፤ ከአባዬ ጋራዥ ያመጣኋቸው የጣሊያን ቃላት ናቸው። እዚህ የእንግሊዝን መኪና ከጃፓን ሞተር ጋር አጋጠምኩባቸው። ባላውቃቸው ኖሮ በስልክ አንግባባም ነበር።

ሽቦው ላይ ግን ብቻዬን ነበርኩ። አባዬ ካርቡራተርን በጆሮው ያስተካክላል፤ ኮምፒውተር ያለበት ሞተር ከእሱ ዘመን በኋላ የመጣ ነው። ክረምቱን ሙሉ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የሚያታን ሽቦ ለየሁ። የኤርባጉን፣ የመስኮቱን፣ የሬዲዮውን እያወጣሁ ሞተሩ የሚፈልገውን ብቻ አስቀረሁ። ለእያንዳንዷ ሽቦ በወረቀት ፕላስተር ስም ጻፍኩላት። በአማርኛ ነው የጻፍኩት፤ እጄ ሲደክም የሚታዘዝልኝ አማርኛ ነው።

አንድ ያዘንኩበት ነገር አለ። የድሮዋ የቤንዚን ፖምፓ ቁልፉን ስታዞር ከኋላ ቲክ ቲክ ቲክ ትል ነበር። የምወደው ድምፅ ነበር። ለካርቡራተር 3 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ይበቃል። የማዝዳው ኢንጀክሽን ወደ 40 ይፈልጋል። ስለዚህ ፖምፓዋ ተቀየረች፣ የቤንዚኑ የጎማ ቱቦም ሁሉ ግፊት በሚችል ተተካ፣ የተረፈው ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመለስበት መስመርም ተዘረጋ። ቲክ ቲኩ ቀረ። አሁን የሚሰማው ቀጭን እዝዝታ ነው።

ዛሬ መጀመሪያ ቁልፉን ያዞርኩት ሞተሩን ለማስነሳት ሳይሆን ፖምፓውን ብቻ ለመሞከር ነበር። ጥሩ አደረግኩ። አንዱ ማሰሪያ በደንብ አልጠበቀም ኖሮ ቤንዚን ረጨ። ባትሪውን ነቀልኩ። የእሳት ማጥፊያውን አጠገቤ አደረግኩ። ጠራርጌ፣ አጥብቄ፣ የጋራዡን በር ከፍቼ አንድ ሰዓት ውጭ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ለአባዬ በቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ መሽቷል። ጋቢውን ለብሶ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነበር። ስልኩን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ አቆምኩት።

ሁለት ጊዜ አጓራች። በሦስተኛው ተነሳች።

ባለቤቴ ከቤት ሮጣ ወጥታ እልል አለች። እኔ መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። አራት ዓመት ነው። አባዬ ምንም አላለም። ፊቱን ስክሪኑ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኗል።

«ወደ ፊት አምጣኝ» አለ።

ስልኩን ወደ ራዲያተሩ አስጠጋሁት። ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

«ቺንጊያዋ ላልታለች። ትንሽ ታፏጫለች፤ ትሰማለህ?»

ለእኔ አይሰማኝም ነበር። ሞተሩን አጥፍቼ ቺንጊያውን፣ ከሞተሩ ፊት የሚዞረውን ቀበቶ፣ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እውነትም ላልቶ ነበር።

«አጥብቀውና እንደገና አስነሳት» አለኝ። «አልተኛሁም።»