«እሺ» የተባለባቸው ዘጠኝ ቀናት

ዛሬ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከጎሃ ተራራ በኩል የመጣው ደመና ከተማውን ካለበሰ በኋላ መጀመሪያ ያሰብኩት የትምህርት ቤቱን ሮቶ ነበር። የክፍሎቹ ጣሪያ መቶ ሃያ ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ አሥር ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ በመንገድ የሚባክነውና አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ መጀመሪያ የሚደፋው ሳይቆጠር፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሊትር ማለት ነው። ይህን እያሰላሁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስሌቱ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ስሌት ወሰደኝ፤ ከዚያም በኋላ ዝናቡን መስማት አቆምኩ።

የሦስት ወሩ የፕሮጀክት አስተዳደር ሥልጠና በፈተና ሳይሆን በእውነተኛ ሥራ እንደሚጠናቀቅ ሲነገረን ስድስታችንም ደስ ብሎን ነበር። የደረሰን ሥራ ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ መሥራት ሲሆን፣ የኮንክሪት መደብ፣ በላዩ የሚቀመጥ ሮቶ፣ አሸንዳና መውረጃ ቱቦ ያስፈልጉት ነበር። የጊዜ ገደቡን ያወጣው አሠልጣኛችን አልነበረም፤ የሰኔ ዝናብ ነው። ስለዚህ ሁሉ ነገር ግንቦት 25 እንዲያልቅ ወስነን፣ ከዚያች ቀን ወደ ኋላ እየቆጠርን እያንዳንዱን ሥራ በባለ ቀለም ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን።

ወደ ኋላ መቁጠሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። እናቴ ድግስ ስትደግስ የምትነሣው ከሠርጉ ቀን ነው፤ ጥንስሱ መቼ እንደሚጣል፣ ድፍድፉ መቼ እንደሚደፈደፍ የምታውቀው ከዚያ ተነሥታ ነው፤ ወጡን በሰው ብዛት ማፋጠን ሲቻል ጠላውን ግን ማንም ሊያፋጥነው እንደማይችልም ታውቃለች። አሠልጣኛችን ክሪቲካል ፓዝ (ወሳኝ መስመር) ስለሚባለው ስልት፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ እንዴት እንደተጀመረ ሲያስረዳ፣ እኔ በልቤ የእናቴን ጋን አይ ነበር። ሐሳቡ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀመርባቸውን ሥራዎች በየሰንሰለቱ ማያያዝ ነው፤ ከሰንሰለቶቹ ረጅሙ የፕሮጀክቱን ዕድሜ ይወስናል፤ እዚያ ላይ አንድ ቀን ከጠፋ ከመጨረሻው ቀን ላይም አንድ ቀን ይጠፋል። በእኛ ዕቅድ ረጅሙ ሰንሰለት መደቡ ነበር፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ መቆየት አለበትና። አሸንዳው ግን አራት ቀን ቢዘገይ ማንንም አያስቆምም ነበር።

አሸንዳው የእኔ ኃላፊነት ነበር።

ያዘዝኩበት የቆርቆሮ ሠራተኛ ቤት በመጀመሪያው ቀጠሮ «ነገ ውሰጂ» አለኝ፤ በሁለተኛውም እንዲሁ፤ በሦስተኛው ላሜራው ከናካቴው እንዳልተገዛ ገባኝ። በሰኞው ስብሰባ አስተባባሪያችን «አሸንዳውስ?» ብላ ስትጠይቀኝ «እየተሠራ ነው» አልኳት። ሐሙስም ያንኑ ደገምኩ። አራት ቀን ትርፍ እንዳለኝ ስለማውቅ ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም፤ ትርፉ እስኪያልቅ ነገሩ ይስተካከላል ብዬ ነበር። የአሸንዳው ሰንሰለት አራቱን ቀን በልቶ ከመደቡ ሰንሰለት ሲረዝም ግን ወሳኙ መስመር የእኔው ሆነ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት አሁንም መደቡን ያሳይ ነበር፤ መስመሩ እንደተቀየረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ግንበኛውን ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። ሥራቸውን የሚያውቁ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ፣ ልጆቻቸው ልንሆን የምንችል ሰዎች ስናዝዛቸው እንኳ ፊታቸው የማይለዋወጥ ሰው ናቸው። «አያ፣ መደቡ ረቡዕ ይሞላል?» ስንላቸው «እሺ ልጆቼ» አሉን፤ የተሞላው ዓርብ ነው። ሁለቱ ቀን የጠፋው አሸዋው ሳይደርስ ቀርቶ ነው፤ አሸዋውን ማምጣት የነበረበት ከእኛው አንዱ ነው፤ አያ ደግሞ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ላለማሳፈር ዝም አሉ። ይህን የነገሩኝ ከብዙ ቀን በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ ስናወራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ከዚያ ወዲህ «እሺ» የምትለዋን ቃል መመርመር ጀመርኩ። በእኛ ዘንድ «እሺ» ማለት «አደርገዋለሁ» ብቻ አይደለም፤ «ሰምቻለሁ» ነው፤ «አከብርሃለሁ» ነው፤ አንዳንዴም «በሰው ፊት አልከራከርህም» ነው። ስድስታችን፣ አያ እና ርእሰ መምህሩ ስምንት ሰዎች ነን፤ በስምንት ሰዎች መካከል ሃያ ስምንት የሁለት ሁለት ግንኙነት አለ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የተድበሰበሰ «እሺ» ቢኖር ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዕቅድ የማንን እውነት ሊያሳይ ይችላል? በሥልጠናው ሥራን ሊያሰናክሉ የሚችሉ ነገሮች ስለሚጻፉበት የሥጋት መዝገብ ስንማር የሲሚንቶ ዋጋ መጨመር፣ የመብራት መቋረጥ፣ የትራንስፖርት ችግር ብለን በሥርዓት ሞልተናል፤ ይሉኝታ ብሎ የጻፈ ግን አልነበረም። እኔ ዛሬ መዝገቡን እንደገና ብሞላው ከሁሉ በላይ የምጽፈው እሱን ነው።

አክስቴ በወጣትነቷ የተማረችው እዚሁ ጎንደር፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ ነው። በጎንደር አቅራቢያ ያለችውን ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ያ ትምህርት ቤት የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ለየብቻ አስተምሮ ብቻ አይለቃቸውም ነበር፤ በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልካቸውና አብረው እየኖሩ አብረው እንዲሠሩ ያደርጋቸው ነበር። አክስቴ ከዚያ ጊዜ የምታስታውሰው የማታውን ስብሰባ ነው። አንዳቸው ሌላውን «ጨረስክ?» ብለው አይጠይቁም ነበር አለችኝ፤ የሚጠይቁት «ምን ያዘህ?» ብለው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። «ጨረስክ?» የተባለ ሰው ያለው ምርጫ መኩራት ወይም ማፈር ነው፤ «ምን ያዘህ?» የተባለ ግን የያዘው ነገር እንደሚኖር አስቀድሞ ስለታመነለት ችግሩን ሲናገር የሚጎድልበት ክብር የለም። በዚያ ሰኞ አስተባባሪያችን «ምን ያዘሽ?» ብላኝ ቢሆን ላሜራው እንዳልተገዛ የምነግራት ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው፤ የጥያቄውን ድክመት የራሴ መሸሸጊያ ማድረግ አልፈልግም።

ሮቶው ውኃ የተቀበለው ሰኔ 4 ነው፤ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ፤ በእነዚያ ቀናት ሁለት ጥሩ ዝናብ መሬት ላይ ፈሶ ካለፈ በኋላ። በማጠቃለያው ግምገማ፣ አያ በሌሉበት፣ የመዘግየቱ ምክንያት ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ሦስት ሰዎች ተከታትለው «ግንበኛው» አሉ፤ ቃለ ጉባኤውም እንዲሁ ተጻፈ። እኔ «አሸንዳውም ትንሽ ዘግይቷል» ብዬ ተቀመጥኩ። ሒሳቡ ግን ሌላ ነበር። መደቡ ሁለት ቀን ዘገየ፤ አሸንዳው አሥራ ሦስት ቀን ዘገየ፤ ከአሥራ ሦስቱ ትርፉ አራት ሲቀነስ ዘጠኝ ይቀራል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ጎን ለጎን የሚሄዱ ስለሆኑ መዘግየታቸው አይደመርም፤ የረዘመው ብቻ ይቆጠራል። የአያ ሁለት ቀን በእኔ ዘጠኝ ውስጥ ጠፍቷል። መደቡ በተባለው ረቡዕ ተሞልቶ ቢሆን እንኳ ሮቶው ያው ሰኔ 4 ነበር ውኃ የሚያገኘው።

ሰኞ የሁለተኛው ትምህርት ቤት ሥራ ይጀመራል፤ አስተባባሪዋ እኔ ነኝ፤ ግንበኛውም አያ ናቸው፤ ስጠይቃቸው «እሺ» ብለውኛል። ስብሰባውን በአክስቴ ጥያቄ እንደምከፍተው ወስኛለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቃለ ጉባኤው መስተካከል አለበት፤ እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚታሰረው። በሁሉም ፊት ባወጣው አያ ስማቸው በሌሉበት እንደተነሣ ያውቃሉ፤ ስማቸውን ያነሡት ልጆችም በፊታቸው ያፍራሉ፤ የአሸዋው ልጅ ነገርም መምጣቱ አይቀርም፤ ይኸውም አያ ዝም ብለው የሸፈኑት ገመና ነው። ለብቻቸው ቤታቸው ሄጄ ብነግራቸው እርሳቸው ይቅር ይሉኛል፤ ወረቀቱ ግን እንደተጻፈ ይቀራል፤ ነገ ሌላ ቡድን ሲያነበው ጥፋተኛው ግንበኛው ነው። እርሳቸውን ሳላሳፍር፣ የእርሳቸውንም ዝምታ ሳላፈርስ፣ የእኔን ዘጠኝ ቀን በስሜ የማስጽፈው እንዴት አድርጌ ነው?