ከአሮጌ ኮሮላ የረከሰች ጀልባ

ሲያትል ውስጥ አበሻ "ጀልባ አለኝ" ካለ ወሬው ብዙ ነው። ሎተሪ ደረሰው እንዴ? ቤቱን ሸጠ? የኔዋ ስትገዛ ግን ዋጋዋ ከአሮጌ ኮሮላ ያንስ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ካታሊና 22 ትባላለች፤ ፍራንክ በትለር የነደፋት ባለ ሸራ ጀልባ ናት፤ ከ15,000 በላይ ስለተሠራች ውሃ ባለበት አካባቢ ሁሉ ከአንዱ ጓሮ ሸራ ለብሳ ቆማ አትጠፋም። መለዋወጫም በሽ ነው።

ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጎንበስ ብለህ ትገባለህ፤ ከተቻቻላችሁ አራት ሰው ታስተኛለች።

"ያረጀች ጀልባ አትሰምጥም?" ይሉኛል። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፤ የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ እየጠጣ ይከብድና በወራት ውስጥ ሌላ ማሰር ግድ ይላል። የኔዋ የተሠራችበት ፋይበርግላስ እንደዚያ አይደለም። የዚያ ዘመን ጀልባዎች ፋይበርግላሳቸው ወፍራም ነው፤ በደንብ ከተያዘ 40 ዓመት አልፎትም ንቅንቅ አይልም። የሚያረጀው ሌላው ሌላው ነው፤ ምሰሶውን ወጥረው የያዙት የሽቦ ገመዶች፣ ሸራው፣ የመብራቱ መስመር፣ የመስኮቱ ላስቲክ። ከሁሉም የሚከፋው የላይኛው ወለል ነው። በሁለት ስስ ፋይበርግላስ መሃል ኮምፔንሳቶ አለበት፣ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባ ውስጥ ለውስጥ ይበሰብሳል፣ ከላይ አይታይም። ስለዚህ ልትገዛ ስትሄድ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ አንኳኳ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰማህ ወይ ዋጋ አስቀንስ ወይ መንገድህን ቀጥል።

ከሥሯ ያለው ኪል፣ ማለትም ነፋስ እንዳይገለብጣት የሚይዛት ብረት፣ 250 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በዊንች፣ ማለትም ገመድ በሚጠቀልል ማንሻ፣ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ሲወርድ አንድ ሜትር ተኩል ውሃ ይፈልጋል፣ ሲሰበሰብ 60 ሳንቲም ይበቃታል፣ በተጎታች ጭነህ ቤትህ ልትወስዳት የምትችለውም ለዚህ ነው። ፍጥነት ስትጨምር የኪሉ ገመድ እምምም እያለ ያዜማል። መጀመሪያ የሰማ ይደነግጣል፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

ገንዘብህን የሚበላው የማቆሚያ ኪራይ ነው። ማሪናዎች በጀልባው ርዝመት ለክተው በየወሩ ያስከፍላሉ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ከተከፈለ የጀልባዋን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል። ጓሮ ያለው ሰው ተጎታች ይግዛ። እኔ ጓሮ የለኝም፤ እየከፈልኩ ነው።

የምንሄደው ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ነው። ጨዋማ ስላልሆነ ብረት ቶሎ አይበላም፣ ይህ ለአሮጌ ጀልባ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ነፋሱ ነው። በጋ ላይ ጠዋት ጠዋት ቅጠል አይነቃነቅም፣ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን በኩል ትንሽ ይመጣል፣ የደቡቡ ኃይለኛ ነፋስ የሚነሳው ደግሞ ክረምት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ። ያኔ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተውን፣ ሐይቁን የሚያቋርጠውን የ520 አውራ ጎዳና ተንሳፋፊ ድልድይ ማየት ነው። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ላይ የተኛ ኮንክሪት ነው። በደቡብ በኩሉ ማዕበሉ እየዘለለ ይመታዋል፣ በሰሜን በኩሉ ውሃው ጸጥ ብሏል። እኛ ምሰሶ ያለን በምሥራቅ ጫፍ፣ ከፍ ባለው በኩል ሾልከን እናልፋለን።

ቅዳሜ ማታ ሲዋርድ ፓርክ አጠገብ አንድሪውስ ቤይ መልሕቅ ጥሎ ማደር ይቻላል። ሽሮ በትንሿ ምድጃ ይሠራል፣ ሽታው ግን ከፍራሹ ለሳምንት አይለቅም። ማክሰኞ ምሽት ደግሞ ዩኒየን ሐይቅ ላይ ደክ ዶጅ የሚባል የበጋ ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለ ነው፤ ግማሹ ሰው የመጣው ለጨዋታ ስለሆነ አሮጌ ጀልባ አያሳፍርም። የባሕር አውሮፕላኖች እዚያው ስለሚያርፉ ግን ዓይንህን ክፈት።

ላይፍ ጃኬት ላይ ግን ቀልድ የለም። እዚህ ፀሐይ ሲወጣ ውሃውም የሞቀ ይመስላል፣ ሚያዝያ ላይ የገባ ሰው ግን ትንፋሹ ቁርጥ ይላል፣ ዋናተኛም ቢሆን።

በዚህ ወር የመስኮቶቿን ላስቲክ እቀይራለሁ። እጁን ማቆሸሽ የማይፈራ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ፣ ቡና በኔ ነው።