እሸቱ ቡና ጀንፈል መስሎ ወጣ

የመጀመሪያውን ፊልም አጥቤ ፎቶዎቹን ለአጎቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉና "ምነው ልጄ፣ ይሄ እኮ ዛፉ ላይ የደረቀ ነው። እሸቱን አንሳ አላልኩህም?" አሉኝ። አልተሳሳቱም። ደም የመሰለው እሸት ቡና ፎቶው ላይ ጥቁር ጀንፈል ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ግን ነጣ ብሎ ያምራል።

ፊልሙ ኢልፎርድ ኦርቶ ፕላስ የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ኦርቶክሮማቲክ ፊልም የሚያየው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ ቀይ ለሱ ጨለማ ነው። ሰማዩ ይነጣል፣ የጅማ ቀይ አፈር ይጠቁራል። ካርቶኑ ላይ ሁለት ፍጥነት፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበት አቅም፣ ተጽፏል፦ በቀን ብርሃን 80፣ በአምፖል ብርሃን 40። ለምን ሁለት እንደሆነ የገባኝ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ካነሳሁ በኋላ ነው። የማታ ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል፣ ፊልሙ ደግሞ ቀዩን አይቆጥረውም። ኔጋቲቩ፣ ማለትም ጥቁሩና ነጩ የተገላበጠበት የታጠበው ፊልም፣ ሳስቶ ወጣ። አሁን ከ11 ሰዓት በኋላ ብዙ ብርሃን እንዲገባ የሹተሩን ፍጥነት በግማሽ እቀንሳለሁ።

ቀይ አለማየቱ ግን ለማጠብ በረከት ነው። ቀይ መብራት አብርቼ እያየሁ ልሠራ እችላለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ቀይ ቀለም የተቀባ ተራ አምፖል ነበር፤ ቀለሙ ሌላ ብርሃንም ያሾልክ ኖሮ ፊልሙን በሙሉ ጉም አለበሰው። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትን አልጀምርም። ቁራጭ ፊልም ላይ ሳንቲም አስቀምጬ መብራቱ ስር 10 ደቂቃ እተወዋለሁ፣ ከዚያ አጥበዋለሁ። የሳንቲሙ ቅርጽ ከታየ መብራቱ አይሆንም። ቀይ ኤልኢዲ ወደ ግድግዳ አዙሬ ስሞክር ምንም አልታየም።

ቀይ ብርሃን በበሩ ስር ሲወጣ ያዩት አከራዬ "ቡና ቤት ከፈትክ እንዴ?" አሉኝ። ሽታውን ቢያውቁ! የማጥበው በቡና ነዋ። ካፌኖል ይባላል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮቼስተር ውስጥ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር የጀመረው ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ እና 40 ግራም ፈጣን ቡና ይገባል። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያህል ነው።

የልብስ ሶዳ ስላጣሁ ቤኪንግ ሶዳ ምጣድ ላይ አመስኩ። 100 ግራሙ በደንብ ሲታመስ ወደ 63 ግራም ይወርዳል፤ መመዘን ያለበት ከታመሰ በኋላ ነው። ይህን ሳላውቅ አንድ ፊልም አበላሽቻለሁ። ቫይታሚን ሲውን ከፋርማሲ በ500 ሚሊ ግራም ክኒን ገዛሁ። ለግማሽ ሊትር 16 ፍሬ ወቅጬ በጨርቅ አጠለልኩ።

ኩራቴ ግን ጀበናዬን አስሞክሮኛል። ጅማ ተቀምጬ የቆርቆሮ ቡና? አፍልቼ አቀዝቅዤ ብሞክር ምስሉ ጥላ መሰለ። ፊልሙን የሚያጥበው ካፌይኑ ሳይሆን ቡናው ውስጥ ያሉት አሲዶች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከኛው አረቢካ ይልቅ ሮቡስታ ውስጥ ይበዛሉ። ስለዚህ ሮቡስታ የሚበዛበትን ርካሽ ፈጣን ቡና ስገዛ ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

ፈሳሹ እንደ ጠላ ጥቁር ስለሆነ ውስጡ ምንም አይታይም። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ፊልሙን ብቅ አደርገዋለሁ። ወተት መሳዩ ገጽ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ሲወጡ ያልበሰሉት ፍሬዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ኔጋቲቭ ነዋ፣ ተገላቢጦሽ ነው። ምስሉ ብርሃን ላይ እንዳይበላሽ የሚያጸናውን ፊክሰር ግን ቡና አይተካውም። እሱን ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የማስመጣው።

ባለፈው ለአጎቴ ሌላ ፎቶ ወሰድኩላቸው፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ፍሬ የተደባለቀበት። ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ጥቁሮቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩና "ይሄ ቅርንጫፍ ለለቀማ ደርሷል" አሉ።