ለአያቴ የምነግራቸው ጥያቄዎች

ነሐሴ 8፣ ደምበጫ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። መብራት ስለጠፋ በኩራዝ ነው የምጽፈው። እናቴ ለኪዳን ሌሊት ስለምትነሣ ቀድማ ተኝታለች። አያቴ ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ መደባቸው ላይ ሆነው መቁጠሪያቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይሰማኛል።

አራት ዓመት ነርሲንግ ተምሬ ተመርቄአለሁ። የምርቃት ፎቶዬ ከእመቤታችን ሥዕል በታች ተሰቅሏል። ሆኖም የብቃት ምዘናውን ፈተና አልፌ የሙያ ፈቃድ እስካላወጣሁ ድረስ ታካሚ በእጄ አይሰጠኝም። ጎረቤቶቻችን ይህን አያውቁም። «ነርሷ» ይሉኛል፤ ልጅ ባተኮሰው ቁጥር ወደ እኛ ቤት ይመጣሉ። ሲጠሩኝ ገና ያልከፈልሁት ዕዳ ያለብኝ ይመስለኛል።

ጥናት ስጀምር የፈራሁት የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የክትባቶቹን ቀጠሮ ነበር። እነዚያስ ሲደጋገሙ ይያዛሉ። ያቃተችኝ «በመጀመሪያ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ደም እየተሰጠው ያለ ሰው በድንገት ይንቀጠቀጣል፣ ወገቤን ይላል። ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታደርጋለች? ሐኪም ትጠራለች፤ ሙቀት ትለካለች፤ ደሙን ታቆማለች፤ የሽንት ናሙና ትወስዳለች። አራቱም የሚደረጉ ናቸው። እኔ ሐኪም መጥራትን መረጥሁ፤ ተሳሳትሁ። በማግስቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣብኝ እንደገና ሐኪም ጠራሁ።

ለምን እንደዚያ እንደምመርጥ አውቀዋለሁ። ለተግባር ልምምድ በተመደብሁበት ሆስፒታል አንዱን አልጋ ከ15 የማናንስ ተማሪዎች ከብበነው እንቆም ነበር። ከኋላ የቆመ ሰው የሚያየው የጓደኛውን ጋውን ጀርባ ነው። የሽንት ቱቦ በእጄ ያስገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታካሚ ሲብስበት የእኛ ድርሻ ሮጦ ሐኪም መጥራት ነበርና ያ ልማድ ሆኖ ቀረብኝ። ጥፋቱ የእኛም የአስተማሪዎቻችንም ብቻ አይመስለኝም፤ ተማሪው በዝቶ አልጋው ያነሰበት ቦታ ነበር። ቢሆንም ያ ጊዜ አይመለስም ብዬ ሳስብ ያንገበግበኛል። ወደፊት አንድ ሌሊት ጤና ጣቢያ ውስጥ ብቻዬን ተረኛ ስሆን የምጠራው ሐኪም ላይኖር ይችላል።

አያቴ በወጣትነታቸው ዋሸራ ወርደው ቅኔ ተምረዋል። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው ምንም አያመልጠውም። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ማታ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅ የሌለው ጥናት ምን ዓይነት ጥናት ነው? እኛ ቀለሙን ጓደኛ እየሰማን፣ ለጓደኛ እያሰማን ነው የያዝነው። እስኪ ንገሪኝ።»

«መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው እኮ፣ አባባ።»

«አንቺ ደግሞ አማርኛ ታውቂያለሽ።»

የደሙን ጥያቄ ነገርኋቸው። መጽሐፉ ላይ ዕድሜና ጾታ ብቻ የነበረው ታካሚ በአማርኛ ሲነገር ጎረቤት የሆነ ሰው መሰለ። አያቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ጠየቁኝ።

«የሚያንቀጠቅጠው የሚገባበት ደም ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

«አሁንም እየገባበት ነው?»

«አዎን።»

«ታዲያ አንቺ ሐኪም ፍለጋ ስትወጪ ማን ያቆምለታል?»

መልስ አልነበረኝም። ደሙ ይቆማል፤ ቱቦው በአዲስ ይቀየራል፤ ደም ሥሩ ኖርማል ሳላይን በሚባለው የጨው ውኃ ክፍት ሆኖ ይጠበቃል፤ ሐኪሙ ይጠራል፤ ናሙናውም ይላካል። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበር። የማላውቀው ሰውየው በዚያች ደቂቃ ምን እየጎዳው እንደሆነ መጠየቅን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየማታው እነግራቸዋለሁ። ቀላል አይደለም። ሳያኖሲስ የሚለውን፣ ኦክስጅን ያነሰው ሰው መልኩ ሲለወጥ ማለት ነው፣ ሳስረዳ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ ብላቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ጠቆረ ስላቸው ከመደባቸው ቀና አሉ። አንዳንዱን ቃል አማርኛ ሳጣለት መጽሐፉን እንደገና እገልጣለሁ፤ ብዙውን ጊዜም ያጣሁት ቃሉን ሳይሆን ነገሩን ሆኖ አገኘዋለሁ። ለአያቴ መንገር ያቃተኝን በእንግሊዝኛም አላውቀውም ነበር።

የጉሉኮስ ጠብታ ስሌትንም አብረን ሠርተናል። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲያልቅ፣ ቱቦው 20 ጠብታውን 1 ሚሊ ሊትር የሚያደርግ ከሆነ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ይሆናል። 42 ጠብታ ምን ያህል ፍጥነት እንደሆነ ግን ወረቀት አያሳይም። ደጅ ወጥቼ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደውን ጠፈጠፍ በስልኬ ሰዓት ያዝሁ። ዝናቡ ሲያባራ ወደዚያ ቁጥር የሚጠጋበት ጊዜ አለ። አሁን ዓይኔ ለምዶታል።

ሰኞ ዕለት ጎረቤታችን የ10 ወር ልጇን አዝላ መጣች። ሳል ከያዘው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሲያለቅስ ትንፋሹን መቁጠር ስለማይሆን ጡት ሰጥታው እስኪረጋጋ ጠበቅሁ፤ ልብሱን ገልጬ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሁ። 56 ሆነ። እንደገና ቆጠርሁ፤ ያው ነው። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 12 ወር ባለው ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ ከዓመት እስከ 5 ዓመት ባለው ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ። ሳል ላለበት ሕፃን ይህ የሳንባ ምች ምልክት ነው። ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ሆዱ እጄ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል ግን ቁጥር ሆኖ አልታየኝም።

«መድኃኒት ስጪኝ» አለችኝ እናቱ። መድኃኒትም ሥልጣንም የለኝም። «እታለም፣ ተነሺ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንሂድ» ብዬ በጃንጥላ ሸኘኋት። ትንፋሹን ቆጥሬ ያገኘሁትን ለተረኛዋ ነርስ ነገርኋት። እርሷም ራሷ ቆጠረችና አንገቷን ነቀነቀች። በውኃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ተሰጥቶት ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ዳቦ ይዟል። ከደስታዬ የተነሣ እንባ እንባ አለኝ።

ፈተናው ከፍልሰታ በኋላ ነው። በአማኑኤል ከተማ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውን መኪና በዋዜማው እሳፈራለሁ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ልትጠብስልኝ ዱቄት ለይታለች።

አሁን ይህን ከመጻፌ በፊት ለአያቴ የዛሬውን ነገርኋቸው። የ9 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የደም ግፊቷ ጨምሮ አንፈራግጧት ማንፈራገጡን የሚያስቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት ተጀምሮላታል። ነርሷ ስታያት ትንፋሿ በደቂቃ ወደ 10 ወርዷል፤ ጉልበቷን በትንሿ የመመርመሪያ መዶሻ ቢመቷት እግሯ አይንቀሳቀስም። በመጀመሪያ ምን ይደረጋል?

«መድኃኒቱን ያቆሙታል» አሉ ሳይዘገዩ።

«አዎን፣ አባባ። ከዚያ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ይሰጣታል።»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«ሴትዮዋስ? ዳነች?»

መጽሐፉ መልሱ «ለ» ነው ይላል እንጂ ስለ እርሷ ሌላ የሚለው የለም።

«ድናለች» አልኋቸው። «ልጁም ደኅና ነው።»