እና ምን ይጠበስ?

የመጀመሪያዋ ፔፐሬ ዲ ይዛ ተመለሰች። ቀይ በቀይ ሆና ትመጣለች ብዬ ስገልጣት ሰዋስው ላይ የተነካው ጥቂት ቦታ ነው። መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ግን ፕሮፌሰሯ ሁለት ቃል ጽፈዋል፦ «ሶ ዋት?» በእኛ ቋንቋ «እና ምን ይጠበስ?» መሆኑ ነው።

ያን ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ኢንግሊሽ 101 የሚባለውን የጀማሪዎች የጽሑፍ ኮርስ እወስድ ነበር። ማታ ማታ ዲሲ መሃል ፓርኪንግ እሠራለሁ። ያችን ፔፐር የጻፍኳት የፓርኪንጉ ቡዝ፣ ማለት የሠራተኛው ጠባብ ክፍል፣ ውስጥ ተቀምጬ፣ መኪና በመጣ ቁጥር ላፕቶፑን እየከደንኩ ነው። ርዕሷ የኢትዮጵያ ቡና። ካልዲና ፍየሎቹ አሉ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ። አምስት ገጽ፣ ደብል ስፔስ፣ ታይምስ ኒው ሮማን 12። ምን ጎደለ?

ተናድጄ ቢሮአቸው ሄድኩ። «ይህን አንብቦ ‹አይ፣ አልስማማም› የሚልህ ሰው አለ?» አሉኝ። አሰብኩ። አንድ የመናዊ ካልመጣብኝ በቀር ማንም የለም። «እንግዲያው ገና አልጻፍክም፤ የምታውቀውን ነው የዘረዘርከው።»

እኔ ያደግኩት መምህሩ ያስጻፈንን ኖት ሸምድዶ መመለስ ጉብዝና በሆነበት ክፍል ነው። 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል የለም። እዚህ ደግሞ ዋናው መስፈርት እሱ ሆኖ አረፈው። ቴሲስ ይሉታል፤ ሰው ሊሟገትህ የሚችል አንድ አረፍተ ነገር። እንግሊዝኛዬ ነው ችግሩ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ወቅሻለሁ!

ድጋሚ እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። ቡናውን አልተውኩም፤ ጥያቄውን ቀየርኩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ትልቁ የአሜሪካ የቡና ቤቶች ኩባንያ ስታርባክስ ደግሞ ከንግድ ምልክት ይልቅ ቡናው የበቀለበትን አካባቢ የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ይሻላል አለ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ከኢትዮጵያ ጎን ቆሞ ዘመቻ ከፈተ፤ በ2007 ስታርባክስና ኢትዮጵያ ተስማሙ። እዚህ ውስጥ ክርክር ሞልቷል። እኔ ከንግድ ምልክቱ ጎን ቆምኩ። ስሙ የማን እንደሆነ ሳይለይ በዋጋ መደራደር የለም ብዬ። ለሌላው ወገን ሐሳብም አንድ ሙሉ ገጽ ሰጠሁት። ይሄ ነው ያቃጠለኝ። ለባላጋራህ ክርክር ታዋጣለህ እንዴ? ግን ፔፐሯን ያቆማት ያ ገጽ ሆነ።

ሌላው ጉድ ሳይቴሽን፣ ማለት ምንጭ መጥቀስ፣ ነው። ከአንድ ጋዜጣ አንቀጽ ወስጄ ሦስት አራት ቃል ቀያይሬ አስገባሁ። ምንጩን መጨረሻ ላይ ስለዘረዘርኩ ንጹሕ የሆንኩ መስሎኝ። ለካ ቃሉ የሰው ከሆነ ትምህርተ ጥቅስ ይፈልጋል፤ ሐሳቡ የሰው ከሆነም እዚያው አጠገቡ የባለቤቱ ስም መግባት አለበት። ድራፍት፣ ማለት ረቂቁ፣ ላይ ስለተያዝኩ ተረፍኩ። የመጨረሻው ላይ ቢሆን ፕሌጀሪዝም፣ የሰው ጽሑፍ መስረቅ፣ ተብሎ ሌላ ጣጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ፦ አነባለሁ፣ ላፕቶፑን እዘጋለሁ፣ ያነበብኩትን ጓደኛዬ አጠገቤ እንዳለ በአማርኛ ለራሴ አወራለሁ። ያወራሁትን ነው በእንግሊዝኛ የምጽፈው። በአማርኛ ማውራት ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፤ ተመልሼ አነባለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ኤም ኤል ኤ የሚባለው የምንጭ አጠቃቀስ ሥርዓት ጸሐፊውን የሚጠራው በመጨረሻው ስም ነው። አበበ ከበደ የጻፈውን ስትጠቅስ ቅንፍ ውስጥ የሚገባው «ከበደ» ይሆናል። የደከመው ልጅ፣ የተጠቀሰው አባት። ፕሮፌሰሯን ጠይቄ «አበበ» ብዬ እንድተወው ፈቀዱልኝ።

ኮሌጁ ተማሪዎችን በጽሑፍ የሚያግዝበት ራይቲንግ ሴንተርም ሄጃለሁ። ስህተቴን ያርሙልኛል ብዬ ነበር። ልጅቷ እስክሪብቶ እንኳ አላነሳችም፤ «ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለችኝ። ሦስተኛው አረፍተ ነገር ላይ ትንፋሼ አለቀ። አራት «እና» ነበረበት።

101ን በቢ ወጣሁ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ስዛወር ተገላገልኩ ስል ፕሮፌሽናል ራይቲንግ የሚባል ሌላ የጽሑፍ ኮርስ ጠበቀኝ። 60 ክሬዲት ሳይሞላ የማይወሰድ ነው። እዚያ እንኳ ብዙ አልተቸገርኩም።

ባለፈው ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ድራፍቱን አሳየኝ። «ኢትዮጵያ የ3000 ዓመት ታሪክ ያላት አገር ናት» ብሎ ይጀምራል። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ዓድዋ... አምስት ገጽ ሞላ። «እና ምን ይጠበስ?» አልኩት። ወረቀቱን ከእጄ መነጨቀኝ። እስከ ሺፍታችን ማብቂያ አላናገረኝም። ሊሄድ ሲል ግን በቡዙ መስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ «ዓድዋን ብቻ ብይዝስ?» አለኝ።