ሄል ማናት?

ሰብታይትል ስሠራ ካበላሸኋቸው ነገሮች ሁሉ ይሄኛው ከጭንቅላቴ አይወጣም። ለአንድ የፊልም ምሽት «ሜትሮፖሊስ»ን በአማርኛ እንዳዘጋጅ ተሰጠኝ። በ1927 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የወጣው ድምፅ አልባ ፊልም፣ ያቺ የብረት ሴት ያለችበት። ንግግር የለውም። በመሃል በመሃል የሚመጡ የጽሑፍ ካርዶች ብቻ ናቸው። ቀላል ነው አልኩ። ካርዶቹ በእንግሊዝኛ የሰፈሩበት አሮጌ ዝርዝር ነበረኝ፣ እሱን ወደ አማርኛ መለስኩና በሁለት ቀን ገላገልኩት። መጀመሪያ ላይ የሚመጡትን የባለሙያዎች ስሞች ዘለልኳቸው። ስም ማን ያነባል?

በራሪ ወረቀቱንም እኔው ጻፍኩ። «የፍሪትዝ ላንግ ድንቅ ሥራ» ብዬ፣ የፊልሙን አዘጋጅ ብቻ ጠርቼ።

አንድ ቀን ሲቀረን ሙከራ አደረግን። ፕሮጀክተሩን የሚይዙት ጋሼ ከኋላ ተቀምጠዋል። መጀመሪያው ደህና ሄደ። ከዚያ ሳይንቲስቱ ሮትቫንግ ቤት ውስጥ ግዙፍ የድንጋይ የሴት ፊት ብቅ አለ፣ «ሄል» የሚል ተቀርጾበታል፣ ሁለት ወንዶች እዚያው ቆመው ይናቆራሉ፣ የእኔ አማርኛ ደግሞ ከታች ስለማይደክም ማሽን ያወራል።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማናት?» አሉ ጋሼ።

አላውቅም ነበር። ፊልሙን በሙሉ ተርጉሜ ጨርሻለሁ፣ ግን አላውቃትም!

ማታ ቁጭ ብዬ ሳጣራ ጉዱ ወጣ። የያዝኩት ዝርዝር አሜሪካ ውስጥ ከተቆራረጠው ቅጂ የተወሰደ ነው። እዚያ ያከፋፈሉት ሰዎች ፊልሙን ሲያሳጥሩ ሄልን ከነታሪኳ አወጧት፤ ስሟ በእንግሊዝኛ «ሲኦል» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ነው አሉ። ችግሩ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከእሷ መሆኑ ነው። ሮትቫንግ ይወዳት ነበር። የከተማዋን ጌታ ፍሬደርሰንን አገባች፣ ልጁን ስትወልድ ሞተች። የብረቷ ሴት የተሠራችው እሷን ለመመለስ ነበር። ይሄን ካወጣህ ሰውዬው ያለ ምክንያት ያበደ ፈልሳፊ ይሆናል፣ እኔም እንደዚያ አድርጌ ነው የተረጎምኩት። የምናሳየው ፋይል ግን በ2008 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ ከተገኘው ቅጂ ተሞልቶ በ2010 የወጣው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም የሚፈጀው ነው። ሄል እዚያ ውስጥ አለች።

ታሪኩን ለመያዝ በፊልሙ ስም ወደ ወጣው ልብ ወለድ ሄድኩ። ያኔ ነው ቴያ ፎን ሃርቡን ያገኘኋት፣ ማለትም የዘለልኩትን ስም። ልብ ወለዱንም የፊልሙንም ጽሑፍ የጻፈችው እሷ ናት፣ የላንግ ሚስት። ከላንግ በፊትም መጽሐፎቿ የሚነበቡላት ደራሲ ነበረች። በ1929 የወጣውን የጨረቃ ጉዞ ፊልምም የጻፈችው እሷ ናት፤ ሮኬቱ ሲነሳ ወደ ኋላ የሚቆጠርበትን። የሚገርመው ደግሞ ሮትቫንግን ሆኖ የተወነው ሩዶልፍ ክላይን-ሮገ የቀድሞ ባሏ ነው። ሚስቱ ላንግን ያገባችበት ሰው፣ በእሷው ድርሰት፣ በላንግ አዘጋጅነት፣ የሚወዳት ሴት ሌላ ያገባችበትን ሰው ሆኖ ይጫወታል! ለጋሼ ስነግራቸው «ደሞዙ ጥሩ መሆን አለበት» አሉ።

ጠዋት ለአለቃዬ ስሟ ይግባ ስለው ፊቱ ተለወጠ። «ናዚ ፓርቲ የገባችዋን?» አለኝ። እውነቱን ነው። ላንግ አገር ጥሎ ሲወጣ እሷ ቀረች፣ በዚያ አገዛዝ ስር ፊልም መጻፏንም ቀጠለች። ይሄ የሚድበሰበስ ነገር አይደለም። ግን እኔ ስሟን የተውኩት በእሱ ምክንያት አልነበረም፣ በስንፍና ነው፤ ስንፍናዬን አሁን የፖለቲካ አቋም ላስመስለው አልፈለግኩም። በመጨረሻ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ደራሲነቷንም ናዚ ፓርቲ መግባቷንም እኔ ራሴ ለታዳሚው እንድናገር ተስማማን።

የሄልን ካርዶች ሌሊቱን ስተረጉም፣ ሰዓታቸውንም ከፋይሉ ጋር ሳስተካክል ነጋ። አሁን ቀድሜ የማየው ፋይሉ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ነው፣ ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ እተረጉማለሁ።

በራሪ ወረቀቱ ግን ታትሞ አልቋል። መቶ ሃያ ወረቀት ላይ «ድርሰት፦ ቴያ ፎን ሃርቡ» ብዬ በእስክሪብቶ ስጽፍ ዋልኩ። ሰማንያኛው ላይ ስደርስ ጋሼ አንዱን አንስተው አዩና «ሃርቡ ነው ሀርቦ?» አሉኝ።

ከሰላሳኛው ጀምሮ «ሀርቦ» ነበር።