ዘር ቆጠራ ለአራዊትም

በወሎ ሽማግሌዎች ከጋብቻ በፊት ዘር ይቆጥራሉ። አራዊትን እንደ መካነ አራዊት ባለ ማቆያ የሚያራባም ሥራው ይኸው ነው።

የአውሮፓ ጎሽ እ.ኤ.አ. በ1927 ከዱር ጠፋ። ዛሬ ያሉት ሁሉ የ12 እንስሳት ዘር ናቸው፤ የዘር መዝገባቸው በ1932 ታተመ። እያንዳንዱ እንስሳ አንድ ቁጥር አለው፤ ቢሞትም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። አባቱ፣ እናቱ፣ የተወለደበት ቀን፣ የተዛወረበት ቦታና የሞተበት ምክንያት ይጻፋል። ሙሉ ወንድምና እህት ከተዳቀሉ ከግልገሉ ጂኖች ሩብ ያህሉ ከሁለቱም ወገን የመጣ አንድ ዓይነት ቅጂ ይሆናሉ፤ የተደበቀ ሕመም የሚወጣው ያኔ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ብዙ ለወለደው ሳይሆን በመንጋው ውስጥ ዘመዱ ላነሰው ነው። ትልቁ ጥፋት አባቱን በግምት መጻፍ ነው። ሁለት ወንዶች አብረው ከነበሩ ሁለቱንም ጻፉ፤ ከግልገሉ ፀጉር ሥር ዲኤንኤ ይመርመር። ሲዛወር ስሙ ተቀይሮ አንዱ እንስሳ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብም ከቆዳው ሥር መለያ ቁጥር የያዘ ማይክሮቺፕ ይቀበርለት።

የቦረና ሳይንት ቀይ ቀበሮ ግን በማቆያ የሚረባ መጠባበቂያ መንጋ የለውም። በመላ አገሪቱ አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም። ለእሱ አሁን የሚቀድመው በዙሪያው ያሉ ውሾችን ስለ እብድ ውሻ በሽታ መከተብ ነው፤ የተከተበው ውሻም ይመዝገብ።